በአንድ መንገድ ሁለት ጫፍ

ነፍሱን የጠላቱ ሞት ዋጋ አድርጎ የሚከፍል ሰው ታሪኩ ከባሩድ ይቀድማል። በመጽሐፈ መሳፍንት ሶምሶን የዳጎንን ቤት ዓምዶች ገፍቶ ከፍልስጥኤማውያን ጋር አብሮ እንደሞተ ተጽፏል፤ የሂፖ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው አውግስጢኖስም ይህን ታሪክ ሲተረጕም፣ ሶምሶን በስውር አምላካዊ ትእዛዝ አደረገው ከማለት በቀር ለሌላ ሰው ፈቃድ አድርጎ አልተወውም። እንዲህ የተጠነቀቀበትም ምክንያት ነበረው፤ በእርሱ ዘመን በሰሜን አፍሪቃ የዶናቶስን ወገን ከተከተሉት መካከል፣ የሰማዕትነትን አክሊል ሳይሰጣቸው ለመንጠቅ የቸኰሉ፣ መንገደኛውን አስቁመው ካልገደላቸው እንደሚገድሉት የሚዝቱ፣ ከገደል ጫፍም ራሳቸውን የሚወረውሩ ሰዎች ተነሥተው ነበርና። ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ፣ በ1090 እ.ኤ.አ. በፋርስ ተራሮች ላይ አላሙት የተባለውን ምሽግ የያዘው ሐሰን ሳባሕ፣ በጩቤ ከገደሉ በኋላ ማምለጥን የማያስቡ ወጣቶችን እያሠለጠነ በመሳፍንትና በሹማምንት ላይ ይልክ ነበር። የሟቹ ሥጋ ከመሣሪያው ጋር አንድ የሆነው ግን ዲናሚት ከተፈለሰፈ ወዲህ ነው፤ በ1881 እ.ኤ.አ. በፒተርስበርግ ኢግናቲ ግሪኔቪትስኪ የተባለ ወጣት በንጉሠ ነገሥት እስክንድር ዳግማዊ እግር ሥር ቦምብ ጥሎ፣ ንጉሡም እርሱም በዚያው ቀን ሞቱ።

በእኛ አገር የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ግቢ በግራዚያኒ ላይ የእጅ ቦምብ ሲወረውሩ፣ ለአገራቸው ለመሞት የቈረጡ መሆናቸው የማያጠራጥር ቢሆንም፣ ስምዖን አደፍርስ መኪና ይዞ ይጠብቃቸው ነበር፤ ከዚያም ወደ ደብረ ሊባኖስ አደረሳቸው። ቦምቡን የወረወሩት ለመኖር አስበው ነው። ይህን ነገር እዚህ ላይ የማነሣው፣ በአንዳንድ ጨዋታ ላይ እነዚህን ጀግኖች ከዛሬዎቹ አጥፍቶ ጠፊዎች ጋር ሲያመሳስሉ ስለሰማሁ ነው፤ ሞትን ባለመፍራትና ሞትን አስቀድሞ በዕቅድ ውስጥ በማስገባት መካከል ያለው ርቀት ግን ቀላል አይደለም። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 1937 ዓ.ም.፣ የጃፓን መንግሥት አውሮፕላኖቹን ከነአብራሪዎቻቸው በአሜሪካ የጦር መርከቦች ላይ መጣል ሲጀምር፣ ይህ ርቀት በመንግሥት ትእዛዝ ተሻገረ፤ ከአብራሪዎቹም ብዙዎቹ ከዩኒቨርሲቲ ትምህርታቸው ተነሥተው የመጡ ወጣቶች ነበሩ።

እንግዲህ ከዚህ ላይ ወደ አዋሽ ሸለቆ እንውረድ፤ ነገሬ ያለው እዚያ ነውና።

የአዋሽ ወንዝ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ፣ ባሕርን ሳያይ በአፋር በረሓ በአቤ ሐይቅ የሚቀር ወንዝ ነው፤ የአፋር ከብት አርቢ በክረምት ወደ ሜዳው ወጥቶ በበጋ የሚመለሰው ወደዚሁ ወንዝ ዳር ነው። በ1952 ዓ.ም. ቆቃ ላይ ግድቡ ተሠራ፤ በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በዚያው ዘመን ሚቼል ኮትስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በተንዳሆ ጥጥ ማልማት ጀመረ። የጥጡ እርሻ የያዘው መሬት፣ በካርታ ላይ ባዶ ሆኖ ቢታይም፣ የደረቅ ወራት መሰማሪያ ነበርና፣ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ዝናሙ ሲታጎል የአፋር ሕዝብ ሽሽቱ ወደ ተያዘ ውኃ ሆነበት፤ ከብቱም ሰዉም አለቀ። ወዲያው በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፤ በግንቦት መጨረሻም ደርግ ጦሩን በአውሳ ላይ አዘመተ፤ ሡልጣን ዓሊ ሚራሕ ሐንፈሬ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ተሰደዱ፤ በአሳይታና በዙሪያዋ የብዙ ሰላማዊ ሰው ደም ፈሰሰ። የሡልጣኑ ልጅ ሐንፈሬ ዓሊ ሚራሕ የአፋር ነጻ አውጪ ግንባርን መርቶ ወደ ዱር ገባ።

ይህን ሁሉ በደል የተቀበለ፣ እስላም የሆነ፣ ድኻ የሆነ፣ መሣሪያም የታጠቀ ሕዝብ፣ ዛሬ የጥናት ሰዎች ስለ አጥፍቶ ጠፊነት ሲጽፉ ምክንያት ብለው የሚዘረዝሩትን ሁሉ በአንድ ሸለቆ ውስጥ አሟልቶ ይዞ ነበር። ይሁን እንጂ የአፋር ተዋጊ በጠመንጃ ተዋጋ፤ አድፍጦም መታ፤ መሸሽም ሲያስፈልግ ሸሸ፤ ሡልጣኑም በ1983 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመለሱ። ችጋርና በደል ብቻቸውን ራሱን የሚያፈነዳ ሰው የሚያፈሩ ቢሆኑ ኖሮ፣ አዋሽ ሸለቆ ቤይሩትን በቀደመ ነበር።

በቤይሩት የሆነው ነገር፣ በእኛ አቈጣጠር ጥቅምት 12 ቀን 1976 ዓ.ም. እሑድ ማለዳ፣ ፈንጂ የተሞሉ ሁለት የጭነት መኪናዎች ወደ አሜሪካና ወደ ፈረንሳይ ወታደሮች ሰፈር ገብተው 241 አሜሪካውያንን እና 58 ፈረንሳውያንን መግደላቸው ነው። ጥቂት ወራት ቆይቶ የአሜሪካ ጦር ከሊባኖስ ወጣ። በዓለም ላይ ያሉ ታጣቂዎች ሁሉ ይህን አዩ፤ አንድ ሹፌር አንድ መንግሥትን ማስወጣት ይችላል የሚለው ትምህርት የተጻፈው በዚያን ጊዜ ነው። ትምህርቱን ቀድመው ከተቀበሉት አንዱ፣ የሚገርመው፣ የሃይማኖት ድርጅት አልነበረም፤ በስሪላንካ ለታሚሎች የተለየ አገር ይሻ የነበረው የታሚል ነብሮች ድርጅት ሰኔ 28 ቀን 1979 ዓ.ም. አንዱን ተዋጊ ከነመኪናው በጦር ሰፈር ላይ አፈነዳ፤ ከዚያም ጥቁር ነብሮች የሚባል የሟቾች ክፍል አቋቋመ፤ አባላቱ በአንገታቸው የመርዝ ቅንጣት ያንጠለጥሉ ነበር፤ ከመሞታቸው በፊት ከመሪያቸው ጋር ማዕድ ይቀርቡ ነበር፤ ከሞቱ በኋላም ሥዕላቸው በየመንደሩ ይሰቀል ነበር። ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከአዲስ አበባ በሸሹበት በዚያው ቀን፣ በሕንድ አገር አንዲት የታሚል ሴት የአበባ ጉንጉን ይዛ ለራጂቭ ጋንዲ እግር ሰግዳ ወገቧ ላይ የታጠቀችውን ፈንጂ አፈነዳች።

አሜሪካዊው የፖለቲካ ሊቅ ሮበርት ፔፕ ከ1980 እስከ 2003 እ.ኤ.አ. የተፈጸሙ 315 ጥቃቶችን መርምሮ፣ ብዙዎቹ የተነሡት የባዕድ ጦር ከያዘው አገር እንዲወጣ ለማስገደድ ነው ሲል ደመደመ፤ ሌሎች ሊቃውንት ደግሞ፣ ማርክ ሴጅማንና ስኮት አትራን፣ ወጣቱን ወደ ሞት የሚያስገባው ከሁሉ በላይ ባልንጀራው፣ ወንድሙ፣ አማቹ፣ አብሮት ኳስ የሚጫወተው ነው አሉ። ሁለቱም ወገኖች ትክክል ይመስሉኛል፤ የመጀመሪያው ድርጅቱ ለምን እንደሚልክ ይናገራል፣ ሁለተኛው ልጁ ለምን እንደሚሄድ። የእነዚህን የሁለቱን ልዩነት ሳይለዩ ስለ «ምክንያቱ» መከራከር ጊዜ ማባከን ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. የግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ለአፍሪቃ አንድነት ጉባኤ አዲስ አበባ ሲገቡ፣ ከግብፅ የመጡ የጀማዓ እስላሚያ ሰዎች በቦሌ መንገድ ላይ በጥይት ጠበቋቸው፤ በጥርና በሐምሌ 1988 ዓ.ም. ደግሞ በግዮንና በዋቢ ሸበሌ ሆቴሎች ቦምብ ፈነዳ፤ የመገናኛና ትራንስፖርት ሚኒስትሩ ዶክተር አብዱልመጂድ ሁሴንም በጥይት ቈሰሉ። የሶማሊያው አል ኢትሓድ አል እስላሚያ እነዚህን የ1988 ዓ.ም. ጥቃቶች በማድረጉ ኮራ፤ የኢትዮጵያም ጦር በነሐሴ እስከ ሉቅ ድረስ ገብቶ መታው። እነዚህ ሁሉ ግን ቦምቡን አኑረው ወይም ተኩሰው የሚሄዱ ሰዎች ነበሩ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. በሦስት ወጣቶች ተጠልፎ ነዳጁ አልቆ በኮሞሮስ ባሕር ላይ የወደቀውን፣ ከ175 ሰዎች 125ቱ ያለቁበትን አውሮፕላናችንንም ከዚህ ታሪክ ጋር የሚቈጥሩ አሉ፤ እኔ አልቈጥረውም፤ ጠላፊዎቹ አውስትራሊያ ለመግባት የፈለጉ፣ የካፒቴን ልዑል አባተን ነዳጅ አይበቃም የሚል ቃል ለማመን እንቢ ያሉ ሰዎች ናቸውና።

ነሐሴ 1 ቀን 1990 ዓ.ም. በናይሮቢና በዳሬሰላም ያሉት የአሜሪካ ኤምባሲዎች በአንድ ማለዳ ፈንድተው 224 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ አፍሪቃውያን ነበሩ። ናይሮቢ ላይ ከተላኩት ከሁለቱ ሰዎች አንዱ በመጨረሻው ሰዓት ከመኪናው ወርዶ ሮጦ ተረፈ፤ በኋላም ለፍርድ ቀረበ። ከዚያ በሦስተኛው ዓመት፣ መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ እኛ እንቁጣጣሽን ውለን ከቀትር በኋላ ቡና ስናፈላ፣ አሥራ ዘጠኝ ሰዎች በአሜሪካ ያደረጉትን በቴሌቪዥን አየን።

ይህ ነገር ወደ ጎረቤታችን ወደ ሶማሊያ የገባው መስከረም 8 ቀን 1999 ዓ.ም. ነው፤ በባይደዋ በፕሬዚዳንት ዐብዱላሂ ዩሱፍ ላይ ፈንጂ የጫነ መኪና ተላከ፤ እርሳቸው ተረፉ፣ ወንድማቸው ሞቱ። በዚያው ወር መጨረሻ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ኅብረት በኢትዮጵያ ላይ ጂሃድ አወጀ፤ በታኅሣሥ የኢትዮጵያ ጦር ሞቃዲሾ ገባ፤ እስከ ጥር 2001 ዓ.ም. ድረስም ቆየ። መንግሥት ወደ ሶማሊያ የገባበት የራሱ ምክንያት ነበረው፤ ዳሩ ግን የኅብረቱ የወጣቶች ክንፍ የነበረው አል ሸባብ፣ እስከዚያ ድረስ ጥቂት ሰው ብቻ የነበረው፣ የባዕድ ጦር በከተማ ውስጥ መሰማራቱ የማይገኝ ሲሳይ ሆነለት። በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ ያደጉ፣ ሃያ ያህል የሶማሌ ወጣቶች፣ ከመደበኛ ትምህርት ቤትና ከታክሲ ሥራ እየተነሡ ወደ ሶማሊያ ሄዱ፤ ከእነርሱም አንዱ ጥቅምት 19 ቀን 2001 ዓ.ም. በቦሳሶ ራሱን አፈነዳ፤ በዚያችው ማለዳ በሐርጌሳ የኢትዮጵያ ጽሕፈት ቤትም በሌላ መኪና ተመታ።

ሐምሌ 4 ቀን 2002 ዓ.ም. የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሌሊት፣ በካምፓላ በካባላጋላ ሰፈር የኢትዮጵያውያን መንደር በሚባለው ምግብ ቤትና በአንድ የራግቢ ክበብ ውስጥ ሰዎች እስፔንና ሆላንድ ሲጫወቱ እያዩ ሳለ ሁለት ፍንዳታ ደርሶ ከ70 በላይ ሞቱ። አንድ ነገር ግን እዚህ ላይ በዝርዝር መናገር ያሻል። በዚያች ሌሊት ሦስተኛ ፈንጂ ነበረ፤ በማኪንዲዬ ሰፈር ዳንስ ቤት ውስጥ ሳይፈነዳ ቀረ። እንዲያፈነዳው የተላከው ወጣት፣ የመለመለው የገዛ ታላቅ ወንድሙ ነበር፤ ዳንስ ቤቱ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ሰዎቹን አይቶ እጁ አልሄደለትም፤ ቦርሳውንና ስልኩን ትቶ ወጣ። ፖሊስ በዚያ ስልክ ተከትሎ ብዙዎቹን ያዘ። ለእኔ ከአንድ ትልቅ መጽሐፍ ይልቅ ይህ ያስተምራል፤ ወንድም ወንድሙን እስከ ዳንስ ቤቱ በር ሊያደርሰው ቻለ፣ ከበሩ ወዲያ ግን ልጁ ብቻውን ከሰዎቹ ፊት ጋር ተገናኘ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ እኛው መንገድ መጣ። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. እሑድ ነበር፤ በአዲስ አበባ ስታዲየም ብሔራዊ ቡድናችን ለዓለም ዋንጫ ለማለፍ ከናይጄሪያ ጋር ይጫወታል፤ ከተማው በሙሉ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ለብሷል። በቦሌ ሚካኤል ተከራይተው በሚኖሩበት ቤት ሁለት የሶማሊያ ተወላጆች ያሰናዱት ፈንጂ በእጃቸው ላይ ፈንድቶ ሞቱ። የጸጥታ ሰዎች በቤቱ ውስጥ የወገብ ፈንጂና ከሕዝቡ ጋር ለመመሳሰል የተዘጋጀ የብሔራዊ ቡድን መለያ ልብስ እንዳገኙ አስታወቁ። ጨዋታውን ሁለት ለአንድ ተሸነፍን፤ በዚያን ቀን ግን ስንት ሰው ሳያውቀው ከሞት እንደተረፈ ማሰብ የሚያስደነግጥ ነው። በዚያው ዓመት፣ ግንቦት 16 ቀን፣ ማታ በጅቡቲ ከተማ፣ ሰዉ እስካሁን ምኒልክ አደባባይ እያለ በሚጠራው ሰፈር፣ ላ ሾሚዬር በተባለ የፈረንሳይ ወታደሮች በሚያዘወትሩት ምግብ ቤት፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ራሳቸውን አፈነዱ፤ አንድ የቱርክ ሰው ሞተ፣ ብዙ ሰው ቈሰለ። አል ሸባብ ጅቡቲ ወታደሮቿን ወደ ሶማሊያ ስለላከችና ፈረንሳይ በመካከለኛው አፍሪቃ ስላደረገችው አድርገነዋል አለ።

አዲስ አበባና ጅቡቲ የአንድ መንገድ ሁለት ጫፍ ናቸው። መንገዱ ከአዳማ በመተሐራ አድርጎ አዋሽ ሰባት ኪሎ ይደርሳል፤ ገዋኔን፣ ሚሌን፣ ሎግያንና ሰመራን አልፎ በሰርዶና በዲቾቶ ወደ ጋላፊ ኬላ ይወርዳል። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው የ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ አሰብ ስለተዘጋ፣ አገሪቱ ከውጭ የምታስገባው ዕቃ አብዛኛው በዚህ ያልፋል። በሚሌ የጉምሩክ ኬላ ተሳቢዎቹ ይሰለፋሉ፤ ሹፌሩና ረዳቱ ከመኪናው ጥላ ሥር ምንጣፍ ዘርግተው ሻይ ይጠጣሉ። ሰመራ፣ በ1990ዎቹ ከአሳይታ ላይ ዋና ከተማነቱን የተቀበለችው፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በ2000 ዓ.ም. የተከፈተው ዩኒቨርሲቲ ያሉባት፣ በጥቁር ድንጋይ ሜዳ ላይ የተተከለች ከተማ ናት። አዋሽ ደግሞ ከባቡር ሐዲዱ ጋር የተወለደች፣ የሁሉም አገር ሰው የሚገኝባት ከተማ ነች።

በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው የአፋር ሕዝብ በዳጉ ይኖራል። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ እጅ ለእጅ ተሳስመው ሰላምታ ከተሰጣጡ በኋላ፣ ፀሐይ ብትነድም፣ ጒዳይ ቢያስቸኵልም፣ ቁጢጥ ብለው ይቀመጣሉ፤ አንዱ የመጣበትን ይናገራል፣ ሌላው አያቋርጠውም፤ የት ዝናም እንደዘነመ፣ የማን ግመል እንደጠፋ፣ የትኛው ጐሣ ከየትኛው እንደተጣላ፣ ማን ባዕድ ሰው በየት በኩል እንዳለፈ፣ ምን እንደያዘ፣ ማን እንዳሳደረው፤ ያየውን ከሰማው ለይቶ ይናገራል። ከዚያ ተራው የሌላው ነው። በዳጉ ሐሰት የተናገረ ሰው በጐሣው ፊት ይነወራል፤ ወጣቱም በእኩዮቹ ማኅበር፣ በፊማ፣ ይገሠጻል፣ ይቀጣል። ጥል ሲነሣ ሽማግሌዎች በመድዓ፣ በአባቶች ሕግ፣ ይዳኛሉ፤ ደም ካሣ አለው፤ ገዳይ ከነጐሣው ይታወቃል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ አንድ ወጣት ከዘመዶቹ ተለይቶ ለሦስት ወር በአንድ ጓዳ ውስጥ ከሁለት ባልንጀሮች ጋር ተዘግቶ የሚኖርበት ሥፍራ አይገኝም። አጥፍቶ ጠፊ የሚሠራው ደግሞ እንዲያ ባለ ጓዳ ውስጥ ነው፤ ለብቻው የተነጠለ፣ ያዘነ፣ ለኀዘኑም ሌላ ማብራሪያ የማይሰማ መሆን አለበት። አል ሸባብ በቦሌ ሚካኤል ቤት የተከራየው ስለዚህ ይመስለኛል፤ በአፋር ጎጆ መካከል ቢከራይ በማግሥቱ እስከ ገዋኔ በተሰማ ነበር።

ዳሩ ግን ዳጉን እንደ ቅጥር ቆጥሮ መተማመን አይገባም። በአዋሽና በሎግያ የሚያድረው ሰው አብዛኛው አፋር አይደለም፤ ሹፌሩ፣ የቀን ሠራተኛው፣ ከወሎና ከሌላውም አገር ተነሥቶ በኦቦክ ባሕሩን ለመሻገር በእግሩ የሚጓዘው ልጅ፣ ሁሉም ከዳጉ ውጭ ያሉ ናቸው። ስደተኛውን የሚቀበለው ደላላ ስሙን፣ አባቱን፣ የቤተሰቡን ስልክ ይጠይቀዋል፤ ከቤት ወጥቶ ማንም የማያውቀውን ልጅ የሚያገኝ መልማይም የሚጠይቀው ከዚህ የተለየ አይደለም።

ጥር 24 ቀን 2008 ዓ.ም. ከሞቃዲሾ ወደ ጅቡቲ ይበር በነበረ የዳሎ አየር መንገድ አውሮፕላን ላይ አንድ ሰው በላፕቶፕ ውስጥ የደበቀውን ፈንጂ አፈነዳ፤ የአውሮፕላኑ ጎን ተቀደደ፤ እርሱ ብቻ ወደ ውጭ ተወረወረና ሞተ፤ ሌሎቹ በደኅና ተመለሱ። ጥቅምት 4 ቀን 2010 ዓ.ም. ግን በሞቃዲሾ ዞቤ መገናኛ ላይ የፈነዳው የጭነት መኪና ወደ 600 የሚጠጉ ሰዎችን ፈጀ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ የሶማሌ ነጋዴዎች፣ ተማሪዎችና የአውቶቡስ ተሳፋሪዎች ነበሩ፤ አል ሸባብም ይህን አደረግሁ ብሎ አልወጣም። ባዕድን ማስወጣት የሚለው ቃል በዚያን ቀን ከራሱ ወገን ሬሳ ጋር ተቀበረ ማለት ይቻላል።

በእኛ አገር ይህን አደጋ ለመከላከል የወጣው የመጀመሪያው ሕግ በነሐሴ 2001 ዓ.ም. የታወጀው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቍጥር 652 ነው። ሕጉ እውነተኛ ሽብርተኛ የያዘበት ጊዜ ቢኖርም፣ ጋዜጠኞችና ተቃዋሚዎችም ታስረውበታል። በጥር 2004 ዓ.ም. በአወሊያ ትምህርት ቤት ተነሥቶ ድምፃችን ይሰማ ያለው የሙስሊሞች እንቅስቃሴ መሪዎችም በሐምሌ 2007 ዓ.ም. በዚሁ ሕግ እስከ 22 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ያ እንቅስቃሴ፣ በደሉ ሲደርስበት፣ ነጭ ወረቀት ከፍ አድርጎ በመስጊድ ግቢ በዝምታ ከመቆም በቀር ወደ ፈንጂ አልሄደም፤ የመሪዎቹ አስተዋይነት ብዙ አትርፏል፤ ምስጋናው የመንግሥት አይደለም። በ2012 ዓ.ም. አዋጁ በሌላ ተተካ።

በመስከረም 2009 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ከ20 ሺህ በላይ ሰዎች ታሠሩ፤ ከአዲስ አበባ የተያዙት ብዙዎቹ ወደ አዋሽ ሰባት ተወስደው ተሐድሶ የተባለ ትምህርት ተሰጣቸው። ተምረው የወጡበት ነገር ምን እንደሆነ ተማሪዎቹ ያውቃሉ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የትግራይ ጦርነት በሰሜን አፋር ሲነድ፣ ከአብዓላ፣ ከኮነባና ከበረሕሌ ወረዳዎች የተያዙ በሺህ የሚቈጠሩ የትግራይ ተወላጆች በሰመራና በአጋቲና ጣቢያዎች በጥበቃ ሥር ከረሙ፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ሁኔታውን ነቅፎ መግለጫ አወጣ። በዚያው ጦርነት የአፋርም ሕዝብ ብዙ መቶ ሺህ ከቤቱ ተፈናቅሏል፤ በጋሊኮማ የተጠለሉ ሰላማዊ ሰዎች አልቀዋል፤ ስለዚህ የአንዱ ወገን ቂም ሌላውን አያስረሳም።

እነዚህን የእስር ሥፍራዎች ከሽብር ታሪክ ጋር ያያያዝሁት ከዚያ የተነሣ ፈንጂ የታጠቀ ሰው ስለወጣ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ በአፍሪቃ የአክራሪ ድርጅቶች አባል የነበሩ 495 ሰዎችን ጠይቆ፣ 71 ከመቶው ወደ ድርጅቱ የገባሁት መንግሥት ያደረገው ነገር ስለገፋኝ ነው ብለዋል፤ ከዚህም ዋናው ዘመድ ወይም ወዳጅ መገደሉ ወይም መታሰሩ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው ጥናት፣ ከ2,000 በላይ ሰዎችን ጠይቆ፣ በፈቃዳቸው ወደ ድርጅቶቹ ከገቡት ሩብ የሚሆኑት ሥራ ፍለጋ እንደገቡ አገኘ። እንግዲህ መልማዩ ከሚያስፈልገው ሁለት ነገር፣ ከቂሙና ከጓዳው፣ ቂሙን ብዙ ጊዜ የሚያቀርብለት መንግሥት ነው። ጓዳውን መክፈት የሚችለው ደግሞ ቤተሰብና ጐሣ፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ፖሊስ የሚደርሰው ፈንጂው ከተሠራ በኋላ ነው።

መከላከል ይቻላል ወይ ለሚለው ጥያቄ፣ ከዚህ ታሪክ የማየው መልስ ይህ ነው፤ ድርጅቱ ከላይ ሲልክ የነበረበትን ምክንያት ማጥፋት የመንግሥታት የብዙ ዓመት ሥራ ስለሆነ በቶሎ አይገኝም፤ አንድ ልጅ ከመሄድ እንዲቀር ማድረግ ግን ብዙ ጊዜ ሆኗል። በሶማሊያ ከ2004 ዓ.ም. አንሥቶ በሞቃዲሾና በባይደዋ በተከፈቱት የተመላሾች ማእከላት ከአል ሸባብ የወጡ ወጣቶች ይሰበሰባሉ፤ ሙያ ይማራሉ፤ ከጐሣቸው ሽማግሌዎች ጋር ይታረቃሉ፤ ከዚያ ወደ ቤት ይሄዳሉ። ሥራው እንከን የሌለበት አይደለም፤ ዳሩ ግን ለሚጸጸተው ልጅ የሚወጣበት በር ሰጥቷል፤ ያ በር ባይኖር ኖሮ ከጫካው ወዲያ የሚጠብቀው ወኅኒ ወይም ጥይት ነበርና፣ ወዳጆቹ እዚያው እንዲቆይ ይመክሩት ነበር። በካምፓላ ቦርሳውን ትቶ የወጣው ልጅም ከዳንስ ቤቱ ሲወጣ ወደ ማን ይሂድ? ወደ ወንድሙ እንዳይሄድ ወንድሙ ላኪው ነው።

በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የአል ሸባብ ታጣቂዎች ከሶማሊያ ተነሥተው በፌርፌርና በአቶ በኩል ወደ ሶማሌ ክልላችን ሲገቡ፣ የክልሉ ልዩ ኃይል ገጥሞ መለሳቸው። መንግሥት በዚያ ወር ያደነቀው ጦሩን ነው፤ ጦሩም ይደነቃል፤ ከጦሩ አስቀድሞ ባዕድ ሰው ማለፉን ያየው ግን ብዙ ጊዜ ግመል የሚጠብቅ እረኛ ነው፤ እረኛውም የሚናገረው ለሚያምነው ሰው ነው። በአፋርም ነገሩ እንደዚሁ ነው፤ የአዋሽ ሸለቆ ሽማግሌ ዛሬ ዳጉውን በእጅ ስልክ ጭምር ያደርሳል፤ ለወረዳው አስተዳዳሪ፣ ለኬላው ፖሊስ ግን የሚያደርሰው ባለፈው የተናገረው ሰው ምን እንደደረሰበት ካጣራ በኋላ ነው።